ማታ በሳይክል ከሳቢያን መጋላ፦ ጃኬቱ ብቻውን አይበቃህም

ወንድሜ፣ ማታ ከሥራ ወጥተህ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር ወደ መጋላ በሳይክል እንደምትገባ ጽፈህ «አንጸባራቂ ጃኬት ብገዛ ይበቃኛል ወይ?» ብለሃል። ብቻውን አይበቃህም። እኔም በዚያው መንገድ ለዓመታት ተመላልሻለሁ፣ የማውቀውን ልንገርህ።

አንጸባራቂ የራሱ ብርሃን የለውም። የሚያበራው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው። መብራቱን ሳያበራ የሚበር ባጃጅ ጃኬትህን አያየውም። ከቅያስ ድንገት ብቅ የሚለውም ያው ነው፤ መብራቱ አንተ ላይ የሚያርፈው አጠገብህ ከደረሰ በኋላ ነው። ስትገዛም ልብ በል፣ ያ ቀን ላይ ዓይን የሚወጋው ቢጫ ጨርቅ ለማታ አይረዳህም፣ የሚሠራው በላዩ የተሰፋው ብርማ ጥብጣብ ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ራቅ በልና የስልክህን መብራት ዓይንህ አጠገብ ይዘህ አብራበት። ቦግ ካላለ ተወው። ከገዛኸው በኋላም የድሬ አቧራ እንዳይደፍነው ቶሎ ቶሎ ጥረገው።

ገንዘብህን መጀመሪያ ለኋላ ቀይ መብራት አውለው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል፤ ሹፌሩ አይቶህ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያ ሁሉ መንገድ አልቋል። ስለዚህ ከሩቅ መታየት አለብህ። ብልጭ ድርግም ከሚለው ይልቅ በርቶ የሚቆየውን እመርጣለሁ፣ ርቀትህን ለመገመት ይቀላል። የፊቱን ነጭ መብራት ደግሞ ወደ አስፋልቱ ዘንበል አድርገው፤ ከፊትህ የሚመጣውን ሰው ዓይን ካጠፋህበት ለራስህም አደጋ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቁርጭምጭሚትን ነው። አንጸባራቂ ጥብጣብ እሰርበት። ፔዳል ስትመታ ከፍ ዝቅ ሲል ሹፌሩ ሰው መሆንህን ወዲያው ይለያል። ርካሽ ነው፣ በጣም ይሠራል።

መንገድህ ላይ ያለው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ቀን ጥላቸው ሕይወት ነው፣ ማታ ግን የመንገዱን መብራት ይሸፍኑታል፤ እዚያ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሳይክል ነጂ ጭራሽ አይታይም። ደቻቱ ድልድይ ላይ ደግሞ ጠርዙ ላይ አትለጠፍ። ትንሽ ወደ መሀል ገባ በል፣ ከኋላ ያለው ታግሦ ይከተልህ፣ በጠባቡ ቦታ ገፍቶህ እንዳያልፍ። ወንዙ ደርቋል ብለህ በአሸዋው ለማቋረጥ ግን በጭራሽ አታስብ! ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ይመጣል፣ በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ስንቱን ቤተሰብ እንደበላ ድሬ አትረሳውም።

ማዳመጫ ጆሮህ ላይ አይኑር፣ የባጃጅ ድምፅ ቀድሞ የሚነግርህ ነገር አለ።

መብራቶቹን ሥራ ቦታ ቻርጅ አድርጋቸው፣ ቤት መብራት ሊጠፋብህ ይችላል። መንገድ ላይ የኋላው ከጠፋብህ ደግሞ ውረድና ዳር ይዘህ ሳይክሉን እየገፋህ ግባ፣ ቢመሽብህም።