ስለ አግቴሌክ ዋሻ ለጠየቅሽው፦ መጀመሪያ የመመለሻ አውቶቡስሽን እዪ

“ደብረጸን ነው የምማረው፣ ቅዳሜ አግቴሌክ ዋሻ ገብቼ ትንሽ በእግሬ ተጉዤ ማታ መመለስ እችላለሁ ወይ? ዋሻው ያስፈራል ወይ?” ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን። እዚያው ሀንጋሪ፣ ሚሽኮልጽ ከተማ ስማር ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ አንዱ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። (ደብረጸን ስትይ ትዝ አለኝ፣ የስኮላርሺፕ ፎርሙን ስሞላ ስሙን ዝርዝሩ ላይ ሳይ የሆነ ገዳም መስሎኝ ነበር።)

ከደብረጸን ተነስቶ በአንድ ቀን መመለስ አይቻልም አልልሽም፣ ግን አልመክርሽም። ሚሽኮልጽ ለመድረስ ብቻ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ ወደ ስሎቫኪያ ድንበር የሚወጣ አውቶቡስ አለ፣ እሱም በየመንደሩ እየቆመ ነው የሚሄደው። ቀንሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ወይ ሚሽኮልጽ ጓደኛ ጋ አድረሽ በጠዋት ውጪ፣ ወይ ደግሞ አግቴሌክን ለሌላ ጊዜ ትተሽ ሊላፉሬድ ሂጂ። ሊላፉሬድ እዚያው ሚሽኮልጽ ጫፍ ላይ ነው። ሁለት የሚጎበኙ ዋሻዎች አሉት፣ ፏፏቴ አለው፣ ጫካው ውስጥ የምትንፏቀቅ ትንሽዬ ባቡር አለች። ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ነው።

አይ አግቴሌክ ካልሽ ግን የመመለሻውን አውቶቡስ ሳታውቂ ከቤት እንዳትወጪ። እኛን የበላን እሱ ነው።

የጥቅምት መጨረሻ ነበር፣ የትምህርት ቤቶች የመኸር እረፍት ላይ። ሦስት ሆነን ሄድን። ጠዋት አግቴሌክ በኩል ዋሻውን አየን፣ ከዚያ በጫካው ውስጥ በቀይ ሐይቅ አድርገን ወደ ዮሽቫፎ መንደር በእግር ወረድን። ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል፣ ፎቶ በየሃያ ሜትሩ። እኔ አውቶቡሱን አስቀድሜ አይቻለሁ ብዬ ተኮፍሻለሁ፣ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ አለ። ደረስን፣ ቆምን። የለም። አንዲት አሮጊት በሩቅ አይተውን መጡና ጣታቸውን እያወዛወዙ “ኢሽኮላ፣ ኢሽኮላ” (ትምህርት ቤት) ይሉናል። ተማሪ ናችሁ ወይ ያሉን መስሎን ሦስታችንም በፈገግታ “ኢገን፣ ኢገን” (አዎ፣ አዎ) ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። ተስፋ ቆርጠው እጄን ያዙና ሰሌዳው ላይ ከሰዓቱ ጎን ያለችውን ጥቃቅን ፊደል አሳዩኝ። ያ አውቶቡስ የሚሠራው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ቀን ብቻ ነው!

የሚቀጥለው የመጨረሻው ነበር፣ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆመን ጠበቅነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በእግር ስንሄድ ያላበን ቲሸርት ጀርባችን ላይ በረዶ ሆነ። ስለዚህ የሰሌዳውን ፊደሎች ግርጌው ላይ ካለው ማብራሪያ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። የሥራ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ የትምህርት ቀን፣ ሁሉም የተለያየ ነው። የመመለሻውን ሰዓት ያዢና ቀኑን ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሪ።

አሁን ወደ ዋሻው። አያስፈራም። ብቻሽን አይለቁሽም፣ ሁሌም ከአስጎብኚ ጋር በቡድን ነው የሚገባው፣ መብራትና ደረጃ አለው። ባራድላ ይባላል፣ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ የተወሰነው ክፍል ስሎቫኪያ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1995 በአካባቢው ካሉት ዋሻዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንቺ የምታዪው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማውን ነው፣ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ማብራሪያው በሀንጋሪኛ ነው፣ የኔ ሀንጋሪኛ ዳቦ ከመግዛት አያልፍም፣ ስለዚህ ቀድመሽ ትንሽ አንብበሽ ግቢ። ለምሳሌ ቫሽ ኢምሬ የሚባል ቀያሽ በ1825 ውሃው ጎድሎለት ከዚያ በፊት ማንም ያላለፈበትን ጠባብ ቦታ አልፎ ብዙ ኪሎ ሜትር አዲስ ዋሻ ማግኘቱን ካወቅሽ ዝም ብሎ ድንጋይ ከማየት ይለያል።

መግቢያው አካባቢ ቀና በዪ። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ድንጋዮች ነጭ ሳይሆኑ ጥላሸት የመሰሉ ናቸው፣ ጥላሸትም ነው። ጥንት ሰዎች ካነደዱት እሳትና በኋላ ጎብኚዎች ይዘውት ከገቡት ችቦ የቀረ። ወደ ውስጥ ስትገቢ እየነጣ ይሄዳል። እንዳትነኪያቸው፣ የእጅ ወዝ ከተቀባ ውሃው ይዞት የሚመጣው ኖራ ድንጋዩ ላይ መጋገሩን ያቆማል፣ አንዷ ጣት የምታክለው ደግሞ ስንት መቶ ዓመት የፈጀች ናት። ትልቁ አዳራሽ ጋ ስትደርሱ መብራት አጥፍተው ሙዚቃ ያሰማሉ። ያኔ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ስልክሽን አታብሪ። (እዚያ አንድ ሀንጋሪያዊ “አገራችሁ ዋሻ አለ?” ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ስለ ሶፍ ዑመር አስራ አምስት ኪሎ ሜትር ብዬ ተረኩለት። “ታዲያ ከዚህ ይበልጣል?” አለኝ። ሄጄ አላየሁትማ! ባሌ ድረስ ሳልሄድ ሀንጋሪ ዋሻ ውስጥ ገብቼ ተያዝኩ።)

ልብስ ላይ፦ ውስጡ ክረምት ከበጋ አሥር ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እርጥበቱም ከባድ ነው። ውጭ ሙቀት ነው ብለሽ በቲሸርት እንዳትገቢ። ደረጃው ስለሚያንሸራትት ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል። አንድ ደረቅ ቲሸርት ቦርሳ ውስጥ ጣይ፣ ከኔ ተማሪ።

ለእግር ጉዞው ዛፎቹ ላይ በነጭ መደብ የተቀቡ ምልክቶችን ነው የምትከተይው። ሰረዝ ከሆነ ዋናው መንገድ ነው፣ ከላይ ክብ ሆኖ ከታች ሁለት እግሩን የዘረጋው ደግሞ ወደ ዋሻ ይወስዳል። መንታ መንገድ አልፈሽ ሁለት መቶ ሜትር ከሄድሽ በኋላ ቀለምሽን ካላየሽ ተመለሽ፣ ወደፊት ይመጣል ብለሽ አትቀጥዪ። ካርታውን ከመነሳትሽ በፊት ስልክሽ ላይ አውርጂ። ብቻሽን ከምትሄጂ አንድ ሰው አስከትዪ፣ ምንም ቢፈጠር 112 ነው።

ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽን ያዢ፣ ድንበሩ አፍንጫሽ ስር ነው። የተማሪ መታወቂያም እንዲሁ፣ ቅናሽ አለው። ሱሪሽን ካልሲ ውስጥ ክተቺ፣ ሳሩ ውስጥ መዥገር አለ፣ ማታ ደግሞ ጉልበትሽ ስርና ብብትሽን እዪ። ነክሶሽ ከቀናት በኋላ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካየሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ቅዳሜ መሄድሽ ከተረጋገጠ የአውቶቡስ ሰሌዳውን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። እነዚያን ፊደሎች አሁን በቃሌ ነው የማውቃቸው።