ልጄ ብረት አንሺ አለኝ፤ ልስማው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 66 ነው። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 112 ሆኖ ሐኪሙ «በሽታው ገና አልያዘዎትም፤ ጠርዙ ላይ ግን ነዎት» አሉኝ። በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ። ልጄ ይህ ብቻ አይበቃም ብሎ ባለ 5 ኪሎ ብረት ገዛልኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ብረት ማንሳት አይጎዳኝም?

መልስ፦ የእግር ጉዞውን አይተዉ፤ ልጅዎ ግን ልክ ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የስኳሩም ማስቀመጫ አብሮ ይጠባል። የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ስኳር ይስባል። ጥቅሙ ከ1 እስከ 2 ቀን ስለሚቆይ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ መሀሉን እያሳረፉ ይሥሩ።

ብረቱ ለጊዜው ይቆይ። ትልልቆቹ ጡንቻዎች ጭንና መቀመጫ ላይ ስለሆኑ በወንበር ይጀምሩ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ጫፉ ላይ ይቀመጡ። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው ተረከዝዎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። ደረትዎን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው፣ አየር እያስወጡ ይነሱ። ሲቀመጡ እስከ 3 ይቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ዘጭ ይላል። ያኔ ጡንቻው የሥራውን ግማሽ ያጣል፣ ወገብም ይመታል። ጉልበትዎን ካመመዎት ጋቢ አጥፈው መቀመጫው ላይ ያድርጉ፤ ከፍ ሲል ጉልበት ብዙ አይታጠፍም። ጉልበቶችዎም ወደ ውስጥ አይጠጉ።

10 ጊዜ ተነስተው 2 ደቂቃ ያርፉና ይድገሙት። ከዚያ ግድግዳ በእጅ መግፋት፣ ወንበር ይዞ በጣት መቆም፣ 1 ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎድን መሳብ፤ እነዚህንም እንደዚያው። የመጨረሻዎቹ 2 ወይም 3 ጊዜዎች ሊከብዱዎት ይገባል፤ ካልከበዱ ጡንቻው የሚጠነክርበት ምክንያት የለውም።

ትንፋሽዎን ፈጽሞ አይያዙ፤ የደም ግፊትን በአንዴ ያንራል። ግፊት ወይም የዓይን ሕመም ካለብዎት አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ጡንቻ 2 ቀን ቢዝል ያለ ነው፤ መገጣጠሚያ ቢያብጥ ግን ይቀንሱ። ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ካዞረዎት ያቁሙና ወደ ሕክምና ይሂዱ።

በጾም ወቅት ጡንቻ የሚገነባው ከሽሮ፣ ከምስርና ከባቄላ ስለሆነ እነዚህን አያሳንሱ።

ኤዋንሲ (HbA1c) የሚባለው የደም ምርመራ የ3 ወር ገደማ የስኳር አማካይ ስለሚያሳይ ከ3 ወር በኋላ ያሠሩ። ከወንበሩ በሁለት ተከታታይ ልምምዶች 15 ጊዜ ሳይቸገሩ ከተነሱ፣ የልጅዎን ብረት ደረትዎ ላይ አቅፈው ከ8 ጊዜ ይጀምሩ።