«ሽታ አለኝ» ለሚል ጭንቀት የድብርት መድኃኒት ለምን? ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በአእምሮ ጤና ሙያ እሠራለሁ። ስለ ሽታ ፍርሃት የጠየቃችሁኝን ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ ስመላለስ፣ ሐረጎ ላይ አንድ ሰው የታክሲ መስኮት ከከፈተ በእኔ ሽታ ነው ብዬ እሳቀቃለሁ። በቀን ሦስቴ እታጠባለሁ። እናቴ ግን «ምንም አትሸቺም» ትለኛለች። ሐኪሙ የድብርት መድኃኒት አዘዘልኝ። ምን አገናኘው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ የታወቀ ሕመም ነው። ፕራይስ-ፊሊፕስ የተባለ ሐኪም በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ኦልፋክተሪ ሪፈረንስ ሲንድሮም» የሚል ስም ሰጥቶ ጽፎበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም አይሲዲ 11 በተባለው የበሽታዎች መመደቢያው ከኦሲዲ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። ኦሲዲ ማለት የማይተው ሐሳብ እየተመላለሰ፣ ለምሳሌ እጅን ደጋግሞ የሚያሳጥብ ሕመም ነው። ለዚህ ምድብ የሚታዘዙት እነ ፍሎክሰቲንና ሰርትራሊን ናቸው። «የድብርት» ይባሉ እንጂ ለጭንቀትም ይሠራሉ። ሐሳቡ እየተመላለሰ እንዳያስጨንቅሽ ያግዛሉ። መስኮት ሲከፈት «ሞቆት ይሆናል» ብለሽ ማለፍ ትጀምሪያለሽ። የሚያሳዝነኝ፣ ብዙዎች ቡና ሲጠሩ እየቀሩ፣ ለቅሶ ቤት እየሸሹ ዓመታት ያሳልፋሉ። ሕክምና ሲፈልጉም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሄዱት እንደ ጥርስ ሐኪም ያለ ሌላ ሐኪም ዘንድ ነው። ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምናም ከተገኘ አብሮ ይሰጥ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት ዋጥኩ። ማቅለሽለሽ እንጂ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ገና ነው። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይተዋል። ለውጡ ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም 12 ሳምንት ይፈልጋል። መጠኑን ራስህ አትጨምር። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገረው፣ አብረው ሊጎዱህ ይችላሉ። በተለይ ወጣቶች መጀመሪያ አካባቢ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የእውነት የምሸት ብሆንስ?

መልስ፦ ድድ፣ ቶንሲልና ቆዳ አንድ ጊዜ በደንብ ይታይ። ምንም ካልተገኘ ሌላ ምርመራ አትፈልጊ።

ጥያቄ፦ ጸበል ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱን ልተው?

መልስ፦ አትተዪ። ጸበሉም ዱዓውም ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በየሰዓቱ «አሽትተኝ» ትለኛለች።

መልስ፦ ባሸተትካት ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ታርፋለች፣ ከዚያ ይብስባታል። «ነግሬሻለሁ፣ ያስጨነቀሽ ሐሳቡ ነው» በላትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። አትቆጣት።

ጥያቄ፦ ተሻለኝ፣ ላቁም?

መልስ፦ በድንገት አይቆምም፤ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል። ከተሻለህ በኋላም ለወራት ይቀጥላል። ሲበቃ ሐኪምህ ቀስ በቀስ ይቀንስልሃል።