ማውሱን የያዘው ልጅ

ልጆቼ፣

እኛ ሂስትሪ መውሰድ፣ ማለትም የታካሚን የሕመም ታሪክ ጠይቆ መረዳት፣ የተማርነው አልጋ ላይ ከተኛ፣ ከደከመው ሰው ነው። አንዱ ጠይቆ ሲወጣ ሌላው ይገባል። አምስተኛው ተማሪ ሲደርስ ታካሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እናንተ ኮምፒውተር ውስጥ የማይሰለች ታካሚ አላችሁ። ቀናሁባችሁ ብል አልዋሽም።

ሐሳቡ እንኳ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ ሐኪም ጤነኛ ሰው አሠልጥኖ እንደ ታካሚ ለተማሪዎቹ አቀረበ። የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተናም ከ1999 ጀምሮ በኮምፒውተር ታካሚ ይፈትናል። እዚያ ሰዓቱን የሚያስኬደው ተፈታኙ ራሱ ነው። ሳያክም ካስኬደው ታካሚው ይብስበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አንድ ስክሪን ከብባችሁ ስትቀመጡ የሚሆነው ነገር ነው።

አንድ ቀን አራት ተማሪዎች ሲሠሩ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ታካሚዋ ወጣት ናት። ድንገት ትንፋሽ አጥሯታል፣ ደረቷን ይወጋታል። ማውሱን የያዘው ልጅ ፈጣን ነው። «ኒሞኒያ ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ አዘዘ። ሁለቱ ተስማምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አራተኛዋ ዝም አለች። ታካሚዋ ሞተች። ከእግሯ የተነሣ የረጋ ደም የሳንባዋን የደም ሥር ዘግቶት ኖሯል። ልጁ ሳቅ ብሎ «በቃ፣ እንደገና እንጀምር» አለ። ጀመሩ።

ከወጡ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የዝምተኛዋን ወረቀት አገኘሁ። «እግሯ አብጧል?» ይላል። እሷ አልተናገረችም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም።

እና እባካችሁ፣ ማውሱን ብዙ ለማያወራው ስጡት። ሌሎቻችሁ ምክንያታችሁን ሳትናገሩ ምንም እንዳይነካ። ማንም የበሽታ ስም ከመጥራቱ በፊት እያንዳንዳችሁ ሦስት ግምት ለየብቻ ጻፉ፤ ከዚያ አስተያዩ። ታካሚው ሲሞትባችሁ ደግሞ ቶሎ እንደገና አትጀምሩ። ማን ምን አስቦ ሳይናገር ቀረ? ጥያቄው ደስ አይልም፤ ቢሆንም ጠይቁ።

በነገራችን ላይ፣ የኮምፒውተር ታካሚ ሆዱን ስትጫኑት ፊቱን አያጨማድድም። ልትወጡ ስትሉ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ረስቼ» ብሎም አይጠራችሁም። ይህን የምትማሩት ዋርድ ውስጥ ነው።

ያችን ወረቀት ለአዲስ ተማሪዎች ሁሉ አሳያታለሁ። አብዛኞቹ ማውሱን የያዘውን ልጅ ይወቅሳሉ። ጥቂቶቹ ራሳቸውን የነቀነቁትን። ከኋላ ቆሞ «ቆዩ እስቲ» ያላለውን መምህር የወቀሰ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።