ከውሃ ሽጉጡ በፊት የትንሿ ልጅዎ ዓይን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከሐይቅ ከተማ ነው። ዓረብ አገር የምትሠራው እህቴ ለልጆቼ ትልቅ የውሃ ሽጉጥ ላከችላቸው። በፓምፕ አየር እየተሞላ የሚረጭ ነው፤ 2 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ወንዱ 9፣ ሴቷ 5 ዓመቷ ነው። የሰፈሩ ልጆች ግቢያችን ተሰብስበው ሲራጩ ይውላሉ። ደስታቸውን ሳይ ደስ ይለኛል። አማቴ ግን «ምች ይመታቸዋል፣ ሳንባቸውን ይበርዳቸዋል» እያሉ ይቆጣሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የቧንቧው ሲያልቅ ትልልቆቹ ልጆች ከሐይቁ በጀሪካን ያመጣሉ። መጫወቻውን ልተውላቸው ወይስ ልደብቀው? ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት ትንሿ ዓይኗን ተመትታ ነበር። ሁለት ቀን ቀላ፣ ከዚያ ተሻላት። አሁን ግን ቴሌቪዥን ስታይ አንዳንዴ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። የእናት ጭንቀት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሩ። ነገር ግን ደብዳቤዎን ከመጨረሻው ልጀምር። «ደግሞ» ብለው ያከሏት ነገር ለእኔ ዋናዋ ናት። ከተመታች በኋላ አንድ ዓይኗን መጨፈን የጀመረች ልጅ በዚህ ሳምንት መታየት አለባት። ሽጉጡን የመደበቅ ያለመደበቁ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት። ዓይናችን በአጥንት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ቡጢ ወይም ትልቅ ኳስ ሲመጣ ቅንድብና ጉንጭ ቀድመው ይቀበሉታል። የውሃ ሽጉጥ የሚተፋው ግን ቀጭን ውሃ ነው። በአጥንቶቹ መሀል አልፎ በቀጥታ ዓይኑን ያገኛል። ውሃ ለስላሳ ይመስለናል፤ በግፊት ከጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ግን ለስላሳነቱ ይቀራል። ከቅርብ ሲመታ የዓይንን ፊተኛ ግልጽ ሽፋን ይልጣል። ከዚያ ከበረታ ዓይን ውስጥ ደም ያፈስሳል። ብሌኑን ያጣምማል። ሞራ ያመጣል። አልፎ አልፎም ከኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናን፣ ይቀድዳል። ይህ ሁሉ በውሃ ሽጉጥ በተመቱ ሰዎች ላይ የታየና በሐኪሞች የተመዘገበ ጉዳት ነው።

ክፋቱ ደግሞ መቅላቱ ሲጠፋ ሁሉም ያለፈ መምሰሉ ነው። ዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም ትንሽ ከሆነ በሰው ዓይን አይታይም፤ ሐኪሙ በማሽን ነው የሚያየው። መጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ገደማ ውስጥ እንደገና ሊደማ ይችላል። የዓይን ግፊት ከፍ ሊል ይችላል፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታም ከዓመታት በኋላ ሊከተል ይችላል። የ5 ዓመት ልጅ ላይ ሌላም ነገር አለ። ማየት በልጅነት የሚለመድ ነገር ነው። አንዱ ዓይን ሲደበዝዝ አእምሮ ጥሩውን ብቻ ይዞ ሌላውን እየተወው ይሄዳል። ጊዜው ካለፈ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። ልጆች ደግሞ «አንዱ ዓይኔ አያይም» ብለው አይነግሩንም። በሁለቱ ስለሚያዩ አይታወቃቸውም።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩ። በጨዋታ መልክ አንድ ዓይኗን በመዳፍዎ ሸፈን አድርገው ከራቅ ያለ ቦታ ጣትዎን ያስቆጥሯት። ከዚያ ሌላውን። አንደኛው ሲሸፈን ዝም ብላ፣ ሌላው ሲሸፈን እጅዎን ከገፋች ወይም ካለቀሰች፣ የሸፈኑባት ጥሩውን ዓይን ሊሆን ይችላል። በትክክል ብትቆጥር እንኳ ሐኪም ዘንድ መሄዱ አይቀርም። ደሴ ቅርብዎ ናት። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው።

ወደፊት ማንም ልጅ ዓይኑን ቢመታ አያሻሹት፣ አይጫኑት። የእናት ጡት ወተት፣ የዳማከሴ ጭማቂ፣ ቤት የተረፈ ቅባት፣ ጎረቤት የሰጠችው ጠብታ፣ አንዱም አይግባበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይስጡ፤ መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ። ልጁ ራሱን ከፍ አድርጎ ይቀመጥ። ሕመሙ ካልተወው፣ ብርሃን ከከበደው፣ ከደበዘዘበት፣ ካስመለሰው፣ ብሌኖቹ እኩል ካልሆኑ፣ ወይም ጥቁሩ ላይ ደም ካዩ በዚያው ቀን ይውሰዱት። ብልጭታ ወይም መጋረጃ የመሰለ ጥላ አየሁ ካለም እንዲሁ።

አሁን ወደ መጫወቻው። የግፊት የውሃ ሽጉጥን ያመጣው ሎኒ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በውሃ የሚሠራ የሙቀት ፓምፕ (የማቀዝቀዣ ዓይነት መሣሪያ) ሲሞክር ከቀዳዳው የወጣው ውሃ መታጠቢያ ቤቱን አቋርጦ ሲወረወር አየና ሐሳቡ መጣለት። በ1990 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋለ፤ በኋላ ሱፐር ሶከር የተባለው ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ እንዲገባዎት ነው። ድሮ የምናውቃት ትንሿ የውሃ ሽጉጥ ኃይሏ የጣት ኃይል ብቻ ነበር። የእርስዎ ግን በፓምፕ የታመቀ አየር ያጠራቅማል። ልጁ ደጋግሞ በነፋ ቁጥር ምቱ ይጠነክራል። ሻጩ የጻፈው «ይህን ያህል ሜትር ይረጫል» የሚለው ቁጥር ለልጆቹ ደስታ ነው። ለእርስዎ መለኪያው በአንድ እርምጃ ርቀት ምን ያህል ይመታል የሚለው ነው።

ራስዎ ይፈትኑት። ልጆቹ እንደሚነፉት አድርገው ይንፉና ከአንድ እርምጃ ርቀት ወደ ተዘረጋ ጋዜጣ ይተኩሱ። ከዚያ ወደ ራስዎ መዳፍ። ጋዜጣውን በአንድ ምት ከበሳው፣ ወይም መዳፍዎን ካቃጠለው፣ ለልጆች አይሆንም። ይህ የቤት ሙከራ ነው። ፈተናውን ያለፈ ሽጉጥም ለዓይን ደህና ነው ማለት አይደለም። ጫፉ የሚዞር ከሆነ በተበታተነ መርጫ ላይ ያድርጉት፤ የተበታተነ ውሃ ጉልበቱ ይከፋፈላል። ክብደቱንም አይርሱ። 2 ሊትር ውሃ ብቻውን 2 ኪሎ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ይህን ይዛ ማነጣጠር አትችልም፤ ዝም ብላ ትረጫለች እንጂ። ለእሷ የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ቀዳድተው ይስጧት። እንደ ትልቆቹ ትስቅበታለች።

ለትልቁ ልጅዎ ደግሞ ሕጉን ጥቂት አድርጉለት። ከደረት በላይ አይተኮስም። ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት አይተኮስም። ፊት የመታ ለዚያ ቀን ሽጉጡን ያስቀምጣል። የዋና መነጽር ካገኙ ሁሉም ያድርጉ። በተረፈ አዋቂ ሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጥ፤ ሕግ ያለ ተመልካች ለልጆች አይሠራም።

ስለ ውሃው። እህቴ፣ የሐይቁ ውሃ ይቅር። ውበቱን እኔም እወደዋለሁ። ግን አካባቢው ቢልሃርዚያ የሚገኝበት ነው። ይህ ትል ሰውን ለመያዝ መጠጣት አያስፈልገውም። ውሃው ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች የሚወጡት እጮች በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስተው ይገባሉ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሚረጨው ልጅ እንኳ አይደለም። ጀሪካኑን ሊሞላ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ የገባው ነው። መስጠምም አለ። ውሃ የቀዱትን ልጆች ወላጆቻቸው ጤና ጣቢያ ወስደው የሰገራ ምርመራ ያስደርጉላቸው። እንቁላሉ ሰገራ ላይ የሚታየው ከተያዙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ዛሬ «የለም» ቢባል ቆይተው ይድገሙት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ሐኪም በክብደታቸው ልክ ያዝላቸዋል።

የቧንቧው ውሃ ሲያልቅ ጨዋታውም ይለቅ። የበረኪና ወይም የሳሙና ዕቃ የነበረ ጀሪካን አይጠቀሙ። ማታ ሽጉጡን አፍስሰው፣ ክዳኑን ከፍተው ያድርቁት። ቀናት ያደረ ውሃ ጀርም ያፈራል፤ ያ ውሃ አፍና ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

የአማትዎ ነገርስ? ከፊሉ እውነት አላቸው። የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው። ምች የምንለው የከንፈር ቁስልም ከቫይረስ ነው። በውሃ መረጨት ብቻውን አንዱንም አይፈጥርም። ግን ትንሽ ልጅ እርጥብ ልብስ ለብሳ ነፋስ ላይ ከቆየች ሰውነቷ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ አስም ያለበትን ልጅም ብርድ ሊቀሰቅስበት ይችላል። በደጋው አገራችን ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋትና ማታው ብርድ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይጫወቱ፤ እንደጨረሱ ልብስ ይቀይሩ። ደረቁን ልብስ አዘጋጅተው እንዲጠብቁ አማትዎን ይጠይቋቸው። ስጋታቸው ፍቅር ነው፤ ሥራ ይስጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከልቤ ስለሚያሳስበኝ ነው። ሽጉጡ ጥቁር ከሆነና እውነተኛ መሣሪያ ከመሰለ በደማቅ ቀለም ይቀቡት፤ ከግቢም አይውጣ። ወሎ ብዙ ያየ አገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ የተኩስ ድምፅ ሰምተው ያደጉ ልጆች አሉን። ከጎረቤት ልጆች መሀል ሽጉጥ ሲነጣጠርበት የሚደነግጥ፣ የሚሸሽ ወይም ማታ የሚባንን ካለ በኩባያና በስፖንጅ መራጨት ይችላሉ። ውሃው ያው ውሃ ነው። መንገድ ላይ ከሩቅ የሚያይ ሰው ደግሞ መጫወቻ ይሁን አይሁን አይለይም።

እስከ ምርመራው ድረስ ሽጉጡን ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጡት። ሐኪሙ ጋር ሲደርሱ «ዓይኗን አሟት ነበር» ብቻ አይበሉ። እንዲያ ካሉ እንደ ተራ የዓይን መቅላት ሊታይ ይችላል። «ከሦስት ሳምንት በፊት በግፊት የውሃ ሽጉጥ ከቅርብ ተመታለች፤ አሁን አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች» ይበሉ። የዓይኗ ግፊት እንዲለካና ብሌኗ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናዋ እንዲታይም ይጠይቁ። ጠብታው ለሰዓታት ያደበዝዛታል፤ ፀሐዩም ይከብዳታል። ኮፍያ ይያዙላት።