ልጆቻችሁ የአየርላንድ ዘር ካላቸው

ይህን የምጽፈው ቦስተንም ሆነ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎም ሆነ ደብሊን ከአይሪሽ ዘር ጋር ትዳር ለመሠረታችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው። ልጆቻችን በእኛ ወገን ሰባት ቤት ቢጠየቁ የሚቆጥርላቸው ሽማግሌ አያጡም። በዚያኛው ወገን ግን አብዛኞቹ የሚያውቁት «ድሮ ከአየርላንድ ነው የመጣነው» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ የባለቤቴን ወገን ስፈልግ ዓመታት አልፈዋል። የተረዳሁት ትልቅ ነገር፣ በሕይወት ያለ ዘመድ የሚገኘው ባሕር ተሻግሮ በሄደው ሰው በኩል ሳይሆን እዚያው በቀሩት ወንድሞቹና እህቶቹ በኩል መሆኑን ነው። ወደ ላይ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ትውልድ ወጥታችሁ በጎን በኩል መውረድ አለባችሁ።

ፍለጋው የሚጀመረው ካላችሁበት አገር ነው። ከሁሉ በፊት የቤቱን አረጋውያን አናግሩ፤ መዝገቡ የትም አይሄድም፣ እነሱ ግን ይሄዳሉ። የምትፈልጉት ታውንላንድ የሚባለውን፣ እኛ ጎጥ የምንለውን ቦታ ስም ነው። አየርላንድ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ታውንላንድ ስላለ «ካውንቲ ኮርክ» የሚል ብቻ ይዞ መነሣት የትም አያደርስም። ኮርክ ውስጥ ሜሪ ሱሊቫን ብላችሁ ብትፈልጉ ስፍር ቁጥር የላትም። ስለዚህ የእናትየዋን ከጋብቻ በፊት የነበረውን የአባት ቤት ስም ያዙ። የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ፣ አንዳቸውንም አትለፉ። በአያትየው መቃብር ላይ ያጣችሁትን የጎጥ ስም በእህታቸው መቃብር ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ።

«መዝገቡ ሁሉ ተቃጥሏል» የሚላችሁ አይጠፋም። በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በሰኔ 1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ደብሊን ፎር ኮርትስ በተባለው የፍርድ ቤት ግቢ የነበረው የመዝገብ ቤት መንደዱና ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል መጥፋቱ እውነት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባው ግን ተርፏል። ከ1864 ጀምሮ የሁሉም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ተመዝግቧል፤ ካቶሊክ ያልሆኑት ጋብቻ ደግሞ ከ1845 ጀምሮ አለ። የቆየውን ክፍል አይሪሽ ጂኒዮሎጂ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ታዩታላችሁ። እስከ 1880 አካባቢ ያሉትን የካቶሊክ አጥቢያዎች የክርስትናና የጋብቻ መዛግብት ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በነፃ አውጥቷቸዋል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በላቲን ስለሆነ ጄምስ «ጃኮቡስ» ተብሎ ይመጣባችኋል። ክርስትና አባትና እናት የሆኑትን ሰዎች ስም አትዝለሉ፤ አጎትና አክስት የሚገኙት እዚያ ነው።

እዚያ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር፤ እንደ እኛ 40 እና 80 ቀን አይጠበቅም። ልደትን ዘግይቶ ማስመዝገብ ቅጣት ስለነበረው ደግሞ ወላጆች የልደቱን ቀን ከእውነተኛው አዘግይተው ያስጽፉት ነበር። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሳይወለድ ክርስትና የተነሣ ልጅ ብታገኙ ሌላ ሰው ነው ብላችሁ አትተዉት።

ከ1922 በፊት ከተደረጉት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተረፉት የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ናቸው፤ ብሔራዊ መዝገብ ቤቱ በነፃ ያሳያቸዋል። ጊዜ ሰጥታችሁ ማንበብ ያለባችሁ የ1911ን ቅጽ ነው። ያገቡ ሴቶች ስንት ዓመት በትዳር እንደኖሩ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ እንዳለላቸው ተጠይቀዋል። «የተወለዱ 9፣ ያሉ 6» የሚል አግኝታችሁ ቤት ውስጥ የተቆጠሩት 2 ብቻ ከሆኑ የቀሩትን 4 ፈልጉ። አንዱ የእናንተው ስደተኛ ይሆናል፤ ሌሎቹ ጎረቤት ጎጥ ተድረው ወይም ከተማ ሥራ ገብተው ሊሆን ይችላል። የዛሬዎቹ ዘመዶቻችሁ የእነሱ ልጅ ልጆች ናቸው። ዕድሜውን ግን አትመኑ። የ70 ዓመት አረጋውያን ጡረታ በ1909 ስለተጀመረ በ1901 ላይ 58 የነበሩት ሰው በ1911 72 ሆነው ይገኛሉ።

መሬቱንም ተከተሉ። ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል የተሠራው፣ የግሪፊዝ ግምት የሚባለው የመሬትና የቤት ዋጋ መዝገብ በየጎጡ መሬት የያዘውን ሰው ስም ይዟል። ከዚያ በኋላ ያሉት የማሻሻያ መዛግብት ይዞታው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እየሰረዙ ጽፈዋል፤ የስድስቱን የሰሜን ካውንቲዎች ቤልፋስት ያለው የመዝገብ ቤት ይዞታል። ለቅርቡ ዘመን ደግሞ አይሪሾች በየቀኑ የሚያዩት አር አይ ፒ ዶት አይ ኢ የተባለ የሞት ማስታወቂያ ድረ ገጽ አለ፤ ሟቹ ማንን ትቶ እንዳለፈ በስም ይዘረዝራል። የዲኤንኤ ምርመራ የሚጠቅመው ይህን ሁሉ ከያዛችሁ በኋላ ነው፤ ያለ ዘር ሐረግ የማታውቋቸውን ሰዎች ዝርዝር ብቻ ነው የሚሰጣችሁ።

ሰው ስታገኙ በስልክ አትጀምሩ፤ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ማን መሆናችሁን፣ በየትኛው ወንድም ወይም እህት በኩል እንደምትገናኙ ግለጹ፤ የቆጠራውን ገጽ ቅጂና የልጆቻችሁን ፎቶ አያይዙ። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ መሬት ሊጠይቅ ነው የሚል ሥጋት የገጠሩ ሰው ዘንድ አለ። የርስት ክርክር ባለበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ከመተዋወቅ በቀር የምትፈልጉት ነገር እንደሌለ በግልጽ ጻፉላቸው። መልስ ቢዘገይ የአጥቢያውን ቄስ ጠይቁ።

የትዳር ጓደኛችሁ አያት አየርላንድ ደሴት ላይ የተወለዱ ከሆነ ደግሞ በውጭ አገር ልደት መዝገብ ተመዝግቦ ዜግነት የማግኘት መብት አለው። ይህ መብት ወደ ልጆቻችሁ የሚያልፈው ግን ወላጁ የተመዘገበው ልጁ ከመወለዱ በፊት ከሆነ ነው። ከተወለዱ በኋላ ቢመዘገብ ለእነዚያ ልጆች አይደርስም። የአያትየው ልደትና ጋብቻ ማስረጃ በዋናው ቅጂ ስለሚጠየቅና ውሳኔውም ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ ወረቀቱን ዛሬውኑ ማሰባሰብ ጀምሩ።