ስለ ተረሱት የአሜሪካ ሲምፎኒዎችና ስለ ሸክላዎቻቸው፦ ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ተረሱ የአሜሪካ ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎችና ስለ ብርቅ ቀረጻዎቻቸው ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። ሦስት አራት ሰው ቢጠይቅ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት፤ የመጣውን ሳይ ደነገጥኩ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ሃያ ዓመት ሸክላ የሰበሰብኩ፣ ባለቤቴ «ሳሎኑን መጋዘን አደረግኸው» እያለች የታገሰችኝ ሰው ነኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ንገረን። እነዚህ ሰዎች የተረሱት ሙዚቃቸው ደካማ ስለሆነ አይደለም? ጥሩ ቢሆንማ ኦርኬስትራው ሁሉ ይጫወተው ነበር።

ይህን አምስት ሰው ጠይቆኛል። አንዳንዱ ደካማ ነው፣ አልዋሽህም፤ ስንት ሸክላ ገዝቼ አንዴ ሰምቼ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ግን ፍሎረንስ ፕራይስን እንይ። በ1887 በአርካንሶ፣ ሊትል ሮክ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አንደኛ ሲምፎኒዋ በ1932 የዋናሜከርን የሙዚቃ ድርሰት ውድድር አሸነፈ። ጁን 15 ቀን 1933 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በፍሬድሪክ ስቶክ መሪነት ተጫወተው። ሲምፎኒዋ በትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ የቀረበላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚባለውን ሁሉም ይወደዋል። ጋዜጣው ይጽፋል፣ መሪው ያጎነብሳል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ኖታውን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያነሳው ሰው ነው የሚጠፋው። በ1943 የቦስተን ሲምፎኒ መሪ ለነበረው ለሰርጌ ኩሰቪትስኪ ደብዳቤ ጻፈች። ሴትም ጥቁርም መሆኗ ሁለት እንቅፋት እንደሆነባት ገልጻ፣ ሙዚቃዋን በሙዚቃነቱ ብቻ እንዲመዝንላት ለመነችው። አንድም ሥራዋን አልመራላትም። በ1953 አረፈች።

በ2009 በኢሊኖይ፣ ሴንት አን በምትባል ከተማ አንድ ፈርሶ የተተወ ቤት የሚያድሱ ሰዎች የወረቀት ክምር አገኙ። ጣሪያው ላይ ዛፍ ወድቆበታል፣ ዕቃው ተዘርፏል፣ ዝናብ ያልነካው ጥግ ላይ ግን ወረቀቱ ቁጭ ብሏል። ቤቱ የፕራይስ የበጋ ማረፊያ ነበር። ከክምሩ ውስጥ ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎችና አራተኛ ሲምፎኒዋ ወጡ። አራተኛውን በ1945 ነው የጻፈችው፤ መድረክ ላይ የተሰማው በ2018፣ በአርካንሶው ፎርት ስሚዝ ሲምፎኒ ነው። ከሞተች ከ65 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይኸው ኦርኬስትራ አንደኛውንና አራተኛውን አብሮ ናክሶስ ለሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ቀርጾታል። ከዚያ ፊላደልፊያ ኦርኬስትራ አንደኛውንና ሦስተኛውን ቀረጸና በ2022 ግራሚ ወሰደ። በ1933 የተሰማው ያው ሲምፎኒ ነው እንግዲህ ግራሚ የወሰደው። ደካማ ከነበረ መቼ በረታ?

ጥያቄ፦ እኔ ክላሲካል ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል። አንድ ብቻ ምረጥልኝ፣ ካልሆነ በቃ ተውኩት። (ከአዳማ)

የዊሊያም ዳውሰን «የኒግሮ ሕዝባዊ ሲምፎኒ»። ስሙ የዘመኑ ነው፣ እለፈው። ዳውሰን በሕይወቱ የጻፈው ሲምፎኒ ይህ ብቻ ነው። የኦርኬስትራ መሪው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በ1934 ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር አቀረበው፣ ኒው ዮርክም ካርኔጊ አዳራሽ ወሰደው፣ ሕዝቡ ተቀበለው። ከዚያስ? ያው ነው፣ ዝም። ዳውሰን በ1952 ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄደ፤ የሰማው የከበሮ ምት አልለቅ ብሎት ተመልሶ ሲምፎኒውን አሻሻለው። ያንን የተሻሻለውን ራሱ ስቶኮቭስኪ በ1963 በሸክላ አስቀረጸው። ልብ በል፣ ከመጀመሪያው ቀን 29 ዓመት አልፏል።

ሁለተኛው ክፍል በሦስት የጎንግ ምት ይጀምራል። መብራት አጥፍተህ ስማው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ቅጂዎች፣ ለምሳሌ የዲትሮይቱ፣ ድምፃቸው የጠራ ነው። እኔ ግን ከስቶኮቭስኪ አልወጣም፤ ሽማግሌው የሚያውቀውን ዘፈን እንደሚያዜም ሰው ነው የሚመራው። አሁንም እንቅልፍህ ከመጣ የፕራይስ አንደኛ ሲምፎኒ ሦስተኛውን ክፍል ክፈት። «ጁባ» ይባላል፤ ከበሮ የተከለከሉ ባሪያዎች በጭብጨባ፣ ጭናቸውን በመምታትና በእግራቸው የፈጠሩት ጭፈራ ነው። እሱ ካላነቃህ ተኛ፣ ምን ይደረጋል።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ «ሉዊቪል ኦርኬስትራ» የሚል ሸክላ በ2 ዶላር ገዛሁ። ደራሲዎቹን አንዳቸውንም አላውቅም። ሀብታም ሆንኩ ወይ?

አልሆንክም። ዋጋው የገዛህበት ነው። ግን ታሪኩን ስማ።

ሉዊቪል የኬንታኪ ከተማ ናት። ኦርኬስትራው በ1937 በሮበርት ዊትኒ መሪነት ተቋቋመ፤ ትንሽ ነው፣ ገንዘብ የለውም። በ1948 የከተማው ከንቲባ ቻርልስ ፋርንስሊ አንድ ሐሳብ አመጡ፦ ለዝነኛ ሶሎ ተጫዋች የምንከፍለውን ለምን በሕይወት ላሉ ደራሲዎች ከፍለን አዲስ ሥራ አናስጽፍም? ከንቲባ እንዲህ ሲያስብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1953 ሮክፌለር ፋውንዴሽን 400,000 ዶላር ሰጠ። ከዚያ በኋላ እያስጻፉ፣ እየተጫወቱ፣ እየቀረጹ ሸክላውን በደንበኝነት ይልኩት ጀመር። ከመቶ በላይ ሸክላ ወጣ።

ድምፁ ደረቅ ነው፣ ቫዮሊኖቹ ጥቂት መሆናቸው ይሰማል። አንዳንዱ ሥራም ለሆዱ የተጻፈ ይመስላል። ቢሆንም ከነዚህ ሙዚቃዎች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ቶሎ አይገኙም። ሸክላው ራሱ ብርቅ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ስለገዛው አሁን ሁሉም እየጣለው ነው። እኔ አንድ ካርቶን ሙሉ ያገኘሁት ከቤተ መጻሕፍት ማጣሪያ ሽያጭ ነው፤ አንዱ ላይ የተዋሰ ሰው ቀን የሚመታበት ወረቀት ባዶውን ነበር። ሃምሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆሞ ማንም አልነካውም! ያን ቀን ማታ ሁለት ጊዜ አጫወትኩት፣ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእሱ።

ብርቅ ሸክላ የምትፈልግ ከሆነ የካርል ክሩገርን ማኅበር ፈልግ። ክሩገር ዲትሮይት ሲምፎኒን ይመራ የነበረ ሰው ነው። በ1958 የአሜሪካን የሙዚቃ ቅርስ የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁሞ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ሥራ በእንግሊዝ ኦርኬስትራ ጭምር ያስቀርጽ ነበር። ሸክላዎቹ በብዛት የተላኩት ለቤተ መጻሕፍትና ለትምህርት ቤት ነው። በ1896 ቦስተን ላይ የቀረበው የኤሚ ቢች «ጌሊክ» ሲምፎኒ መጀመሪያ ሸክላ ላይ የዋለው በዚህ ማኅበር ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሸክላ በአልኮል ማጠብ ይቻላል?

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ጉድ ይሠራናል። እኛ ሁሉንም «ሸክላ» እንላለን። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ወፍራሙና እንደ ሳህን የሚሰበረው ከሼላክ የተሠራ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። በፍጹም እንዳትነካው! በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረው ረጅሙ ቪኒል ነው፣ ፕላስቲክ፤ እሱንም ቢሆን እኔ በተጣራ ውኃና በጣም ጥቂት ሳሙና ነው የማጥበው። መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አታርስ። ለ78ቱ ደግሞ ሰፋ ያለ መርፌ ያስፈልጋል፤ በተለመደው ቀጭን መርፌ ካጫወትከው መርፌው ቦዩ ሥር ይገባና የምትሰማው ቆሻሻውን ብቻ ነው።

ሌላ ምክር፦ በኢንተርኔት ስትገዛ «እንደ አዲስ» የሚለውን ቃል አትመን። አንዴ 60 ዶላር ከፍዬ የመጣልኝ እንደ እንጀራ ጠርዙ የተነሳ ሸክላ ነበር።

ጥያቄ፦ ያለኝን ኮፒ አድርጌ ዩቲዩብ ላይ ልጫን? ለሕዝብ ጥቅም እኮ ነው።

ሐሳብህ ደግ ነው፣ ሕጉ ግን ሌላ ነው። በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የድሮ ቀረጻዎችን በየዕድሜያቸው መደባቸው። ከ1923 በፊት የወጡት በ2022 መጀመሪያ ነጻ ሆኑ። የ1923ቱ በ2024፣ የ1924ቱ በ2025 መጀመሪያ፣ እንዲህ እያለ እስከ 1946 ድረስ መቶ መቶ ዓመት ይቆጠራል። ከ1947 እስከ 1956 የወጣው 110 ዓመት ይጠብቃል። ከ1957 እስከ ፌብሩወሪ 1972 አጋማሽ ያለው ደግሞ እስከ 2067 ተቆልፏል። የ1955 ሸክላ ካለህ እንግዲህ የልጅ ልጅህ የሚጭነው ነው። ይህ የቀረጻው መብት ብቻ ነው፤ የድርሰቱ መብት ለብቻው ይታያል።

ደግሞ መጀመሪያ በሽያጭ ላይ አለመኖሩን እይ። ሲ አር አይ የሚባል የደራሲዎች ማሳተሚያ በ1954 ተቋቁሞ ማንንም ከካታሎግ አላወጣም ብሎ ኖረ፤ በ2003 ሲዘጋ ሥራው ወደ ኒው ወርልድ ሬከርድስ ተዛወረና ዛሬም ስታዝ ሲዲ ይሠሩልሃል። ምንም ሳትከፍል ለመስማት ከፈለግህ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናሽናል ጁክቦክስ የሚለው ስብስብ አለ፤ ከ10,000 በላይ የድሮ ቀረጻ ይዟል።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?

መገናኘት የለበትም፣ ጆሮ ፓስፖርት አይጠይቅም። ግን ካነሳኸው የሙዚቃ ደራሲውን ሐሊም ኤል ዳብህን ታውቀዋለህ? ካይሮ በ1921 ተወለደ፣ በ1950 አሜሪካ ገባ፣ ኋላም ዜግነት ወሰደ። ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን «ክላይተምኔስትራ»ን የጻፈው እሱ ነው። ገና ግብፅ ሳለ በ1944 በሽቦ ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀረጸ። አዎ፣ ዛር! ብዙዎች ወደ ግብፅ የገባው ከኛ አገር ነው ይላሉ። ከዚያ ድምፁን ስቱዲዮ አስገብቶ እያስተጋባ፣ እየቆረጠ ሌላ ነገር አደረገው። ፓሪስ ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ ተደረገ ተብሎ ታሪክ የሚጻፍለት በ1948 ነው። ከዛሩ ቀረጻ የተረፈው አጭር ቁራጭ በ2000 በሲዲ ወጥቷል።

ይህ ሰው በ1962 አዲስ አበባ መጣ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው እሱ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና ከየአካባቢው አምጥቶ እንደ አንድ ኦርኬስትራ አስቀመጣቸው። በኋላ ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መርቶታል፣ በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብሎ አሜሪካን ዞሯል። ኢትዮፒክስ የሚባለው የሲዲ ስብስብ 23ኛው ቅጽ የነሱ ነው፣ ፈልጉት። እኛ ኦርኬስትራውን እናውቃለን፣ ሰውየውን አናውቅም። አሜሪካኖቹ ሰውየውን ጥቂት ያውቃሉ፣ ኦርኬስትራውን አያውቁም። በ2017 ኦሃዮ ውስጥ በ96 ዓመቱ አረፈ።

አሸናፊ ከበደም አለ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር። የተማረው አሜሪካ፣ ሮቸስተር ያለው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ያን ትምህርት ቤት ከ1924 እስከ 1964 የመራው ሃዋርድ ሃንሰን ነበር፤ በ1931 የዊሊያም ግራንት ስቲልን «አፍሮ አሜሪካን ሲምፎኒ» ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው ያው ሃንሰን። ሜርኩሪ በሚባለው የሸክላ አሳታሚ ያስቀረጻቸው ሸክላዎች ዛሬም ድምፃቸው ያስቀናል።

ጥያቄ፦ ጁሊየስ ኢስትማን የሚባለውን ሰምተኸዋል? (ከቴል አቪቭ)

ሰምቼው እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጥቁር፣ ግብረ ሰዶማዊ፣ ፒያኒስት፣ ዘፋኝ፤ አንዳንዱን ሥራ ሆን ብሎ አፍ ላይ በሚከብድ ስድብ የሰየመ ሰው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ከቤቱ ሲያስወጡት ኖታዎቹ ከዕቃው ጋር ጠፉ። በ1990 በ49 ዓመቱ ሞተ፤ ጋዜጣ ላይ የሞቱ ዜና የወጣው ከወራት በኋላ ነው። ሜሪ ጄን ሊች የምትባል ደራሲ በ1998 ለአሥር ቼሎ የጻፈውን አንድ ሥራ ለተማሪዎቿ ፈልጋ አጣችው፤ ፍለጋው ዓመታት ወሰደ። በ2005 ሦስት ሲዲ የድሮ ቀረጻ ወጣ። የአልበሙ የእንግሊዝኛ ርዕስ «አንጀስት ማሌዝ» ነው፤ ፊደሎቹን ብታቀያይራቸው «ጁሊየስ ኢስትማን» ይሆናሉ። ቅኔ በሉት።

የአሥሩ ቼሎ ኖታ ጠፍቶ ስለነበር ከቀረጻው በጆሮ እየተሰማ እንደገና ተጻፈ። ቴፕ ምን ያደርጋል ለሚሉኝ ይህን ነው የምነግራቸው።

ጥያቄ፦ አለን ሆቫነስ አሰልቺ ነው። ተሳሳትኩ?

ግማሹ ልክ ነህ። ሰውየው 67 ሲምፎኒ ጽፏል፣ ሁሉም እንዴት ጥሩ ይሁን? «ሚስጥራዊው ተራራ»ን መሪው ፍሪትስ ራይነር ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር የቀረጸውን ስማና ከዚያ እንጣላ።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ የምትፈልገው፣ እስካሁን ያላገኘኸው ምንድን ነው?

የፍሎረንስ ፕራይስን ሁለተኛ ሲምፎኒ። አንደኛው አለ፣ ሦስተኛው አለ፣ አራተኛው ከፈረሰ ቤት ወጣ። ሁለተኛው የለም። ኢሊኖይ ወይም አርካንሶ ውስጥ የድሮ ቤት ገዝታችሁ የምታድሱ ካላችሁ፣ ወረቀቱን ወደ ቆሻሻው ከመጣላችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።